ግሪኩ መርሳ የገባ ጊዜ

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። የልጅ ልጆቼ ሲሰበሰቡ መጀመሪያ ስልካቸውን ያያሉ፤ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ እኔ ትዝ እላቸዋለሁ። «እማማ፣ ግሪኩ ያሳበደሽን ጊዜ ንገሪን» አሉኝ። ብነግራቸው አንዱ ከመሃል ያቋርጠኛል፣ አንዷ ትስቃለች፣ እኔም መንገድ ስቼ ሌላ ወሬ ውስጥ እገባለሁ። ስለዚህ ልጻፈው አልሁ። ጽፌውም መንገድ መሳቴ አልቀረም፤ ታገሡኝ።

ትምህርት ቤት የሚባለውን በአጥሩ በኩል ነው የማውቀው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ነው። እስከ አጋማሹ በደህና ሄጄ ልጅ ወለድሁና ቀሪውን ከስኳር ከረጢት ላይ አንብቤ ጨረስሁት። ፊደሌ ከተወላገደ ጥፋቱ የከረጢቱ ነው።

እኔ ድሮ ሰው አማኝ ነበርሁ። ዝናብ መጣ ያለኝን ሁሉ አምኜ የሰጣሁትን በርበሬ ስንቴ እንዳስገባሁት አላህ ያውቃል። አንድ ጊዜ የግራና ገበያ ላይ አንዲት ሴት «ይቺ ዶሮ በቀን ሁለት ትጥላለች» ብላኝ ገዝቼ፣ ዶሮዋ ስትጮኽ አውራ ሆና ተገኘች። ያኔም ሴትዮዋ ተሳስታ ይሆናል ብዬ አዘንሁላት። እንግዲህ የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ልብ ነው የተበላሸው።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ መጀመሪያ የጠፋው ስልክ ነው። ቀጥሎ መብራት ጠፋ፣ ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ። ታጣቂዎች በአስፋልቱ ላይ ይመላለሳሉ፤ እኛ መርሳ ውስጥ ቁጭ ብለን ወሬ እንበላለን። ወሬ ደግሞ እንደዚያን ጊዜ ረክሶ አያውቅም። ጠዋት «መንገዱ ሊከፈት ነው» ይባላል፤ ረፋድ ላይ «ማን አለ? ጭራሽ ብሶበታል» ይባላል፤ ከሰዓት በኋላ ጠዋት የሰማነውን ወሬ ሌላ ሰው እንደ አዲስ ይዞት ይመጣል። የአጥር ጎረቤቴ አያሌው መካኒክ ነው። የሚጠግነው መኪና ስለጠፋ አንዲት አሮጌ ሬዲዮ ፈትቶ ገጥሞ እንድትናገር አደረጋት። ሬዲዮዋ በግራ ስትጠመዘዝ አንድ ነገር ትላለች፣ በቀኝ ስትጠመዘዝ የዚያን ተቃራኒ። አያሌው መሃል ላይ አቁሞ የሚያፏጨውን ድምፅ ማዳመጥ ጀመረ። እሱ ይሻላል፣ ቢያንስ አይዋሽም አለን።

የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ልጄ ዘሃራ ሲሪንቃ ነው ያለችው፤ እርጉዝ ናት፣ ቀኗም ተቃርቧል። ባሏ ለሥራ ደሴ ወርዶ መንገዱ እዚያው አስቀርቶታል። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ጊዜ አጠገቧ ሰው አልነበረም፤ እኔም ዘግይቼ ደረስሁ፤ ሕፃኑ አልቆየልንም። ያን ቀን ሁለተኛ አልዘገይም ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ታዲያ ወደ እኔ መጥታ እንዳትወልድ መንገዱ ተዘጋ፤ እኔም ቀኗ ሳይደርስ ሄጄ እንዳልቀመጥ ቤቱን የሚጠብቅ የለም፣ ባዶ ቤት ደግሞ ሰው ይገባበታል።

ለዚህ ምልክት ነበረን። ስልክ ሳይኖር ያደግን ሰዎች ነንና መልእክት የሚልክ ሰው ምልክት ይልካል፤ ያለ ምልክት የመጣ መልእክተኛ እንግዳ ነው፣ ይጠጣል፣ ያርፋል፣ አይታመንም። ዘሃራ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣች ዕለት አረንጓዴ ሻርፔን፣ ያቺን ቢጫ አበባ ያለባትን፣ ከመሃሏ ቀደድናት። ግማሿን እሷ ወሰደች፣ ግማሿን እኔ ሙዳይ ውስጥ ከተትሁ። ሰው ስልክልሽ ግማሼን ይዞ ይመጣል፤ ገጥመሽ እዪው፤ ከገጠመ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ አለችኝ። አብሽሪ አልኋት።

አሁን ግሪኩ ይገባል።

በእኛ በኩል ወደ ደሴ ሊያልፍ የመጣ አንድ ወጣት መርሳ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ደጄ ላይ ቆመ። ስሙ መምህር ዮናስ ነው፤ ወልዲያ ላይ ፍልስፍና የሚባል ነገር ያስተምራል። የትውልድ አገሩ ደብረ ብርሃን ነው። ሰው ሁሉ እህሉንና ልብሱን ተሸክሞ ሲሸሽ እሱ አንድ ቦርሳ ሙሉ መጽሐፍ ተሸክሞ ነው የሸሸው። ከሁለት ሸሚዝ ሌላ የሚቀየር እንኳ አልያዘም። የጓሮዋን ክፍል ሰጠሁት፤ የዘሃራንና የሻርፑንም ነገር ነገርሁት።

የሚሠራው ሥራ ስለሌለው ከሰዓት በኋላ አጥሩ ሥር ቁጭ ብለን ይነግረናል። የምናዳምጠው እኔ፣ አያሌውና ሼህ ይመር ነን። ሼህ ይመር የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ የማይጠይቁት ነገር የለም፣ የሚስማሙበት ነገርም የለም።

አንድ ቀን ስለ አንድ የጥንት ግሪክ ነገረን። ስሙን ነግሮኝ ነበር፣ ምላሴ ላይ አልረጋም። ይህ ሰው ምንም ነገር በእርግጥ አይታወቅም ባይ ነው። ማር ጣፋጭ ነው አይልም፤ ጣፋጭ ይመስለኛል ይላል። ጋሪ ሲመጣበት ጋሪ ለመሆኑ እርግጠኛ ስላልሆነ ከመንገድ አይወጣም፤ ገደል ሲያጋጥመውም እንደዚያው፤ ወዳጆቹ ናቸው እየተከተሉ እጁን ይዘው የሚጎትቱት። እኔ መጀመሪያ ያዘንሁት ለወዳጆቹ ነው። ሌላም ነበረ አለ፤ እሱ ደግሞ ቃል ሁሉ ስለሚያሳስት መናገር ትቶ ጣቱን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር።

ቀጥሎ የመርከቡን ነገረን። ማዕበል ተነሥቶ ሰው ሁሉ ሲጮኽ ግሪኩ ጥግ ላይ ተረጋግቶ የሚበላ አሳማ አሳያቸውና ብልህ ሰው እንዲህ መሆን አለበት አላቸው።

ሼህ ይመር «ከፍጥረት ሁሉ እሱን አገኘ?» አሉ።

አያሌው ክርስቲያን ነው፤ በዚህ ግን ከሼሁ ጋር አንድ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ቤት አይወራም አለ። መምህሩ ደንግጦ በግ ሳይሆን አይቀርም አለ።

«ልጄ፣ አሁን አሳማ ያልኸው በግ ከሆነ፣ ግሪኩስ ግሪክ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለህ?» አልሁት።

መምህሩ ዓይኑ በራ። «እትዬ፣ ይኸው ገባዎት» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የተበላሸሁት። ሰው ካረጀ በኋላ ጎበዝ ተማሪ ሲባል ጥሩ አይደለም።

በማግሥቱ ዓይን እንደምትዋሽ ሊያሳየን የሼህ ይመርን ከዘራ ተቀብሎ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከተታት። ከዘራዋ ተሰብራ ታየች። ስትወጣ ደህና ናት፤ ስትገባ ስብር። እኔ አሥር ጊዜ አስገባሁ፣ አሥር ጊዜ አወጣሁ። ሼህ ይመር አባታቸው የተዉላቸውን ከዘራ ሰባራ አሰኝቷል ብለው ሁለት ቀን አኮረፉት።

እኔ ግን ነገሩን ሥራዬ ብዬ ያዝሁት። አላህን ትቼ ያልጠረጠርሁት የለም። ጨው ገዝቼ ሳመጣ ጨው ለመሆኑ እቀምሳለሁ፤ ከቀመስሁ በኋላ ምላሴን እጠረጥራለሁ። ዶሮዬ ጥላ ስትነሣ እንቁላሉ የእሷ ነው ወይስ የአያሌው ዶሮ አጥር ዘላ የጣለችው ነው እላለሁ። ከአያሌው ጋር በዚች እንቁላል ሦስት ቀን ተሟገትን። እሱ የእኔ ነው አላለም፣ እኔም የእኔ ነው አላልሁም፤ በመጨረሻ እንቁላሉ ተበላሸ። ዕድሜዬንም ጠረጠርሁ፤ ሲወልዱኝ አላየሁ። መምህሩን ራሱን ጠረጠርሁት፤ ሰው ያለ ልብስ መጽሐፍ ብቻ ተሸክሞ ለምን ይሸሻል? መጽሐፎቹን አንድ በአንድ አራግፌ አየሁ። ከአንዱ ውስጥ የደረቀ ቅጠል ወደቀ። ለምን እንዳስቀመጠው ስጠይቀው ቀላ፤ ያንንም ሌላ ነገር መሰለኝ።

ሰፈሩም ተከተለኝ። ደህና አደራችሁ ሲባል «ይመስለናል» ማለት ተለመደ። አያሌው ደንበኛ መጥቶ ይህ የጋሪ ጎማ ይይዛል ወይ ሲለው ጣቱን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ሼህ ይመር በስንት ዓመታቸው ተቆጥተው፣ ይህ ልጅ ታጣቂ ያላደረሰብንን ነገር አደረሰብን አሉ። እውነቱን ልናገርና ጥርጣሬው እረፍት ሰጥቶኝ ነበር። ዘሃራ ታማለች የሚል ወሬ ሲመጣ «ማን ያውቃል» እላለሁ፤ ዘሃራ ደህና ናት የሚል ሲመጣም «ማን ያውቃል» እላለሁ። በሁለቱ መሃል እንቅልፍ ይወስደኛል። መምህሩ ግሪኮቹም የፈለጉት ይህንኑ እረፍት ነበር አለኝ።

እንዲህ እያለን አንድ ጠዋት ቧንቧ ወረፋ ቆይቼ ጀሪካኔን ይዤ ስመለስ አንድ ሰው ደጄ ላይ ከመምህሩ ጋር ቆሟል። ሁለት አህያ ከኋላው አለ። ሰይድ እባላለሁ አለኝ፤ የሐራ ሰው ነው፣ ጨው እየጫነ በውስጥ በውስጡ መንገድ ይመላለሳል። ሰላምታችንን ጨረስንና ውሃ ላምጣልህ አልሁት። አልጠጣም አለ፤ መጀመሪያ መልእክቱን።

«ዘሃራ ልካኝ ነው። ወገቧን ይዟታል፤ እማ ትድረስልኝ ብላለች።»

ጀሪካኔን መሬት አስቀመጥሁ። ቀጥሎ ግሪኩ ነቃ።

«ምልክትህስ?»

ሰይድ መሬት መሬት እያየ ከኪሱ የአረንጓዴ ሻርፕ ቁራጭ አወጣ። ለምን መሬት ያያል? ውሃስ ለምን አይጠጣም፣ መርዝ የሰጠሁት ይመስል? ይህን በልቤ መዝግቤ ገባሁና ከሙዳዬ ግማሼን አወጣሁ።

ግማሼ አጥራ ታየችኝ። ደጋግሜ አየኋት። አይጥ ነው አልሁና አይጧን ጠረጠርሁ፤ አይጥ ግን እንደዚህ አስተካክላ አትበላም። ቀጥሎ ከዘራዋ ትዝ አለችኝ። ዓይን ናት፣ መቼ ሳትዋሽ ቀርታ ታውቃለች አልሁ። ደግሞስ በዚያ ጊዜ ያላነሰ ምን አለ? ዳቦው አንሷል፣ ሳሙናው አንሷል፣ እኔም ቀሚሴ ሰፍቶኛል።

ገጠምሁት። ክር በክር፣ አበባ በአበባ ገጠመ። ቢጫዋ አበባ እንኳ ከሁለት የተከፈለችው አንድ ሆነች። የሰይድ ቁራጭ ግን በሁለቱም ጫፍ የተቀደደ ነው፤ የዘሃራ ግማሽ ዳር ላይ ዘርፍ ነበረው።

«ዘርፉ የት ሄደ?» አልሁ።

አያሌው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበርና፣ መንገድ በልቶት ነው እትዬ፣ የጨው ጆንያ ሥር የተቀመጠ ነገር ምኑ ይተርፋል አለ። ሰይድ አሁንም መሬት አየ። መምህሩ ወደ ሰማይ አየ።

ይኸው ገጥሟል፣ ምን ትጠብቂያለሽ ትሉ ይሆናል። ሁሉም ያሉኝ እሱን ነው። እኔ ግን በሚገባ ተምሬ ነበር። መግጠሙን ያየችው ዓይኔ ናት፤ ዓይኔ ደግሞ ደህናዋን ከዘራ ሰብራለች። ከዘሃራ ነጥቀዋት ቢሆንስ? ቤቱን ባዶ ሊያደርጉብኝ ቢሆንስ? ልሂድ የሚያሰኘኝና አትሂጂ የሚያሰኘኝ ሚዛን ላይ እኩል ሆኑብኝ።

መምህሩን አይታችሁት በነበር። ያ ማር ጣፋጭ ነው የማይል ሰው ፊቴ ቆሞ ላብ በላብ ሆነ። ይህ እውነት ነው፣ ይህ የታወቀ ነው፣ ይህ አያጠራጥርም ይላል። በአንድ ጊዜ ያን ያህል እርግጠኛ ነገር ከአፉ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም።

«አንተ አይደለህ እንዴ ምንም አይታወቅም ያልኸው?» አልሁት።

«እትዬ፣ እኔ ያስተማርኩዎት ለክፍል ነው፤ ልጅዎ ምጥ ላይ እያለች ይጠቀሙበት አላልኩም።»

«እኔ ክፍል የለኝም። ያለኝ ቤት ነው።»

ሼህ ይመር ሲጨንቃቸው ከዘራቸውን መሬት እየመቱ፣ ሴትዮ፣ አሁን ካልተነሣሽ ያቺ ልጅ እንደዚያ ጊዜው ብቻዋን ትሆናለች አሉኝ። «እንደዚያ ጊዜው» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባ። መልስ ልሰጣቸው አፌን ስከፍት እጄን አየሁት። የገንፎ ዱቄቱን ቋጥሮ ጨርሷል። ቅቤውን በቅል አድርጎ አፉን አስሯል። ነጠላዬን ሳይቀር ትከሻዬ ላይ ጥሏል። እኔ ከእነሱ ጋር ስሟገት እጄ ማንንም ሳይጠይቅ ስንቅ አሰናድቷል።

«አላመንሁም፤ ግን እሄዳለሁ» አልሁ።

ቤቱን አያሌው ሊጠብቅልኝ ቃል ገባ። ይጠብቃል ወይ ብዬ ጠረጠርሁ፤ ቁልፉን ግን ሰጠሁት። መምህሩ ብቻዎን አይሄዱም አለና ተከተለኝ። ሰይድም አህዮቹን አዙሮ የውስጡን መንገድ እስከሚያሳየን አብሮን ሄደ፤ እስከሚለየን ድረስ ፊቴን አላየም።

መንገድ ላይ ታጣቂዎች አስቆሙን። አንዱ፣ ልጅ እግር ነው፣ እናቴ ወዴት ነው አለኝ። ሲሪንቃ የሚባል አገር አሁንም ካለ ወደዚያ ነው አልሁት። ምን ልታደርጊ አለኝ። ልጄ ልትወልድ ነው ይላሉ፣ እኔ አላመንሁም አልሁት። መምህሩ ከኋላ ነጠላዬን ይጎትተኛል።

«ካላመንሽ ለምን ትሄጃለሽ?» አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። መምህሩ በኋላ እንደነገረኝ ግሪኮቹንም እየዞሩ የሚጠይቋቸው ይህንኑ ነበር።

«ብትወልድስ?» አልሁት።

ቋጠሮዬን ፈታ፣ ዱቄቱን አየ፣ መልሶ ራሱ ቋጠረው። ከእኔ ይልቅ አጥብቆ ነው የቋጠረው፤ ዘሃራ ቤት ስደርስ በጥርሴ ነው የፈታሁት።

ሲሪንቃ ልንደርስ ስንል ደግሞ አንድ ትልቅ ውሻ ከማሽላ ውስጥ ወጣብን። እኔ ውሻ ለመሆኑ ገና እያሰብሁ ነው። ውሻው ቆሜ ስጠብቀው ግራ ገባው መሰል ሁለቴ ጮኾ ተመለሰ። ዞር ስል መምህሩ የለም። ግራር ላይ ወጥቷል፤ እሾኹ ሸሚዙን ይዞታል።

«ልጄ፣ ጋሪ የማይሸሹት ሰዎች እንዲህ ናቸው?» አልሁት።

ከላይ ሆኖ፣ ግሪኩም አንድ ቀን ውሻ መጥቶበት ዛፍ ላይ ወጥቶ ነበር፣ ሲስቁበት ሰው መሆንን ጨርሶ ማውለቅ ከባድ ነው ብሎ መለሰላቸው አለኝ። ይህን ለምን መጀመሪያ እንዳልነገረኝ ብጠይቀው ሸሚዙን ከእሾኹ ያላቅቃል። ይህን አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ያ እንቁላል አይበላሽም ነበር።

ዘሃራ የበሩን መቃን ይዛ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። አንዲት ጎረቤት ብቻ ናት አብራት ያለችው።

«እማ፣ አትመጪም ብዬ ነበር» አለችኝ።

«እንዴት አልመጣም? አንድ አፍታም አልተጠራጠርሁ» አልኋት።

ይህን ያህል ትልቅ ውሸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ዋሽቼ አላውቅም። በውሸቴ አፍሬ ነው ሻርፑን ያላነሣሁት፤ ባነሣው ለሰይድ ምን እንደመለስሁለት ትጠይቀኛለች። ልጅቱ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ተወለደች። ጠማማ ምጥ ነበረና እጄ ባይኖር ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። ሀያት አልናት። ስትጮኽ መምህሩ ከውጭ ሆኖ ምን ተወለደ አለ። ሴት ትመስላለች አልሁት።

ጦርነቱ አለፈ፣ ስልክ ተመለሰ፣ መምህሩም ወደ አገሩ ሄደ። ዓመታት ቆይቶ፣ ሀያት ቁርአን ቤት መሄድ ስትጀምር፣ ዘሃራ ቤት ልትቀይር ሣጥኗን ስታራግፍ አንድ ነገር ይዛልኝ መጣች።

«እማ፣ ምልክታችንን ታስታውሻለሽ? ያኔ ሰይድን እየተጣደፈ ሲያልፍ በአጥር ላይ ነው የለመንሁት፤ ሣጥን ከፍቼ መስጠት አልቻልሁም። ያለ ምልክት መምጣትሽ ነው ሁልጊዜ የሚገርመኝ» አለችኝ።

እጇ ላይ ያለው አረንጓዴ የሻርፕ ግማሽ ነው፤ ዘርፉ እንዳለ፣ አንድ ክር ሳይጎድለው።

ሙዳዬን አወረድሁ። መደቡ ላይ ሦስቱን ቁራጭ ጎን ለጎን ዘረጋሁ፤ የእሷን፣ ሰይድ የሰጠኝን፣ የእኔን። ሻርፔ ሙሉ ሆነች።

መምህሩ ዘንድ ደወልሁ። ሻርፔን ማን ቀደደው አልሁት፤ ሰላምታም አላስቀደምሁ።

«ሰይድ ባዶ እጁን ነበር የመጣው፣ እትዬ» አለኝ። «ግን መልእክቱን ሳይናገር ውሃ አልጠጣም አለኝ። እኔ በዚያ አመንኩ። እርስዎ ደግሞ ያለ ምልክት እንደማይነሡ አውቅ ነበር።»

እኔ ቧንቧ ወረፋ ላይ ሳለሁ ከሙዳዬ አውጥቶ ቀዶ ለሰይድ የሰጠው ከራሴ ግማሽ ላይ ነው። ያን ጠዋት ዓይኔ ግማሽሽ አጥራለች ብላኝ ነበር፤ እውነቷን ነበር።